ለአማቼ ትራክተር የሚሆን ሮታቬተር

ሆለታ የአበባ እርሻ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ የምቀናበት ማሽን ነበር። ሮታቬተር ይሉታል። ከትራክተር ኋላ ይታሰርና የታጠፉ ቢላዎቹ እየተሽከረከሩ መሬቱን ይፈጩታል። ባለፈበት ቦታ ጓል የሚባል ነገር አይቀርም። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ስዘግነው እንደ ተነፋ ዱቄት በጣቶቼ መሃል ያልፍ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ በሐሳቤ የሚመጣው ሱሉልታ ያለው የአማቼ መሬት ነው።

አማቼን አባባ እላቸዋለሁ፤ ጎረቤቱ ኦቦ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበሩ። እርሻው ሲዘጋ ከሚነዷቸው አንዱን በሐራጅ ገዝተው ሱሉልታ ድረስ ራሳቸው እየነዱ አመጡት። ዛሬም ያላቸው ያው ነው። ቀይ የነበረውን ቀለም ፀሐይ በልቶት ሮዝ ሆኗል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ዝናብ እንዳይገባ የቆርቆሮ ጣሳ ይደፉበታል። በእሱ ማረሻ ጎትተው የራሳቸውንም የጎረቤትንም መሬት ይገለብጣሉ። የሚተወው ጓል ግን የሰው ጭንቅላት ያክላል። ለገብስ ምንም አይደለም። ለካሮት አይሆንም። ካሮት መሬት ውስጥ ጓል ሲያጋጥመው ሁለት ሦስት እግር ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ነጋዴ ዞር ብሎ አያየውም።

እኔ የፈለግሁት ካሮት ነበር። ከአበባ እርሻው ስለቅ ለራሴ የገባሁት ቃል ይህ ነው፤ ለሌላ ሰው መደብ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ፣ ከእንግዲህ የራሴን አዘጋጃለሁ። አባባ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ተዳፋት ቀይ መሬት ሰጡኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚያድርልን። ስለዚህ ነገሩን የያዝነው ሁለታችን ነን፤ እኔ ቡራዩ ከቤቴ እየተመላለስኩ፣ እሳቸው እዚያው ሱሉልታ።

ሚያዝያ ላይ ሰበታ ያገለገሉ የእርሻ መሣሪያዎች የሚሸጡበት ግቢ መኖሩን ሰማሁና ሄድኩ። ከማረሻዎችና ከተሰባበሩ ተጎታቾች መሃል አንድ ሰማያዊ ሮታቬተር ቆሟል። ቢላዎቹ አልተበሉም፤ ዝገት የለውም። ሳየው የአበባ እርሻው ትዝ አለኝ።

«አሮጌ ትራክተር ነው ያለን። ይሆነዋል?» አልኩት ሻጩን።

«እመቤት፣ ከኋላው ማንሻ ክንድ ያለው ትራክተር ሁሉ ይይዘዋል» አለኝ። ዓይኑን ከስልኩ ላይ እንኳ አላነሳም።

እኔም አመንኩት። እዚያው ቆሜ ለአባባ ደወልኩ።

«ስፋቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሰፊ ነው አባባ! አንዴ ሲያልፍ ሁለት ሜትር ይፈጫል።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩ።

«ቶሌ» አሉ በመጨረሻ። «እሺ። ይምጣ።»

በጭነት መኪና አስጭኜ ወሰድኩት። አባባ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ቢላዎቹን አንድ በአንድ ነካኳቸው፤ አላመሰገኑም፣ አልነቀፉም። ትራክተሩን አስነስተው ወደ ኋላ አስጠጉት። ችግሩ የጀመረው ገና እዚያው ነው። የትራክተሩ ክንዶች ጫፍ ላይ ያለው ቀዳዳ ከሮታቬተሩ ፒን ይጠባል። ፒኑ የአውራ ጣቴን ሁለት እጥፍ ይወፍራል፤ ቀዳዳው ግን ለቀጭን ነው የተሠራው። አባባ ፒኑንና ቀዳዳውን በዓይናቸው አነጻጸሩና «ይሄ የትልቅ ትራክተር ነው» አሉ።

«ይሞረዳል» አልኩ።

ሁለቱን ፒኖች ከነተሸካሚ ብረታቸው አስፈትቼ በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ቡራዩ ጉዞ ጀመርኩ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፤ ሦስት ታክሲ። ሁለተኛው ላይ ረዳቱ ጆንያውን ሊያነሳልኝ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው። «እናት፣ ምን ጭነሽ ነው? ይሄማ የሰው ሒሳብ መክፈል አለበት» አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቡራዩ ከአምቦ መንገድ ዳር ገባ ብሎ ካሉት ብረት የሚሞርዱ ቶርኖ ቤቶች አንዱ ውስጥ ፒኖቹን ሰጠሁ። ባለሙያው ከወላይታ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። «ነገ» አለኝ። በማግስቱ ስሄድ መብራት ጠፍቷል። በሦስተኛውም ቀን ጠፍቷል። በአራተኛው ቀን ፒኖቹ ተሞረዱ። ሱሉልታ ወስጄ ስናስገባቸው አንዱ ልክ ገባ፤ ሌላው ሳያልቅ ነው የተሰጠኝ፣ አልገባም። ተመልሼ ሄድኩ። እነዚያን ሦስት ታክሲዎች በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተሳፈርኩባቸው አላስታውስም፤ የማስታውሰው የጆንያው ገመድ መዳፌ ላይ የተወውን መስመር ነው።

በመጨረሻ ሮታቬተሩ ከክንዶቹ ጋር ተያያዘ። አባባ ማንሻውን ሳቡት። ሮታቬተሩ ከመሬት ተነሳ፤ የትራክተሩ የፊት ጎማዎችም አብረው ተነሱ። አባባ መሪውን እንደያዙ አየር ላይ ቀሩ ማለት ይቻላል። ቀስ ብለው መልሰው አወረዱት። የጎረቤት ሰዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ የቀሩት ሳቁ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ያለው «ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ» ነው። አባባ ምንም እንዳልሰሙ ወርደው ከጓዳ ሁለት ጆንያ አመጡ፤ አሸዋ ሞላንባቸውና ከፊት ለፊት አሰርናቸው። የፊት ጎማዎቹ መሬት ረገጡ። እኔም ሌላው ነገር ሁሉ እንደዚህ በጆንያ አሸዋ የሚፈታ መሰለኝ።

የቀረው ዘንጉ ነበር። ከትራክተሩ ኋላ የሚሽከረከር ጫፍ ይወጣል፤ ያንን ከሮታቬተሩ ጋር የሚያገናኘው ካርዳን የሚሉት ዘንግ ነው፤ አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ ይረዝማል፣ ያጥራል። የኛው ረዘመ። ትንሽ መቆረጥ ነበረበት። አባባ በዚያን ቀን ለቅሶ ሊደርሱ ሰንዳፋ ሊሄዱ ነው። ከመውጣታቸው በፊት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ሲነሳም ሲወርድም ለኪ። ወይ ደግሞ እስክመጣ ጠብቂኝ።»

አልጠበቅኩም። ግንቦት እያለቀ ነበር፤ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል። ጎረቤት ያለውን በያጅ ከነግራይንደሩ ጠራሁት። ሮታቬተሩ እንደተነሳ ነበር፤ እንደተነሳ ለካሁ፤ ቆረጥን። ከዚያ ማንሻውን ስናወርደው ሮታቬተሩ ወደ ታች ሲሄድ ርቀቱ ጨመረ፤ ሁለቱ ቱቦዎች ተሳሳቡ፣ ተሳሳቡና ተላቀቁ። አንዱ ከትራክተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሌላው አፈሩ ላይ ተዘረረ። በያጁ ግራይንደሩን አጥፍቶ አየኝ።

«እመቤት፣ ብረት ተቆርጦ አያድግም እኮ» አለ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ማምሻውን ሲመጡ የተላቀቁትን ቱቦዎች አዩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር። አልተናገሩኝም። «ቡራዩ ሌላ ይገኛል» ብቻ አሉ። በማግስቱ እንደገና አዲሱ ገበያ፣ አስኮ፣ ቡራዩ።

ሌላ ካርዳን አግኝቼ፣ ሲነሳም ሲወርድም ለክተን፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መሬቱ ላይ ወጣን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባባ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ሮታቬተሩ መሽከርከር ጀመረ፤ ዝቅ አደረጉት፤ ቢላዎቹ መሬቱን ነኩ። ከዚያ የሆነው ሁሉ በጥቂት እርምጃ ውስጥ ነው። ትራክተሩ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ድምፁ ወረደ፣ ተጨነቀ፣ ጠፋ። አስነሱት። እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ነዳጁን ጨመሩለት፤ አሁን ደግሞ ሮጠ። አንደኛ ማርሹ ከሮታቬተሩ አቅም በላይ ይፈጥናል፤ ቢላዎቹ መሬቱን መፍጨት ትተው እየነጠሩ ያልፋሉ። ነዳጅ ሲቀንሱ የቢላዎቹም ኃይል አብሮ ይቀንሳል። ሲጨምሩ ይነጥራል። መሃሉ የለም።

ወደ አጥሩ ሲደርሱ ፍሪሲዮን ረገጡ። ትራክተሩ መቆም ነበረበት። አልቆመም። እንደተገፋ በሬ ወደ ፊት መሄዱን ቀጠለ። አባባ በሙሉ ሰውነታቸው ፍሬን ላይ ቆሙ፤ አንድ የአጥር እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረና ትራክተሩ ቆመ። እኔ ከኋላው እሮጥ ነበር። ለምን እንደምሮጥ፣ ብደርስበትስ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ስደርስ መሪውን እንደያዙ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«አባባ! ደህና ኖት?»

«ደህና ነኝ።» ሞተሩን አጠፉ። «ትራክተሩ አርጅቷል እንጂ አላበደም ነበር» አሉ፤ ወርደውም ወደ ቤት ገቡ።

ሰኞ ሰበታ ሄድኩ። ሻጩ አወቀኝ፤ እንዳላወቀኝ ለመምሰል ግን ሞከረ። «ይይዘዋል ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«አልያዘውም?»

«ያዘው! ግን አያዞረውም፤ አይችልም።»

«እንግዲህ እኔ ይይዘዋል ነው ያልኩት» አለኝ። ያንን ቀን ድምፄ ከግቢው ውጪ ተሰምቷል። ምን ምን እንዳልኩት ለመጻፍ አፍራለሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ሰምቶኝ ስጨርስ «መለወጥ ከፈለግሽ ለክተሽ ነይ» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

ከሰበታ በቀጥታ ሆለታ ሄድኩ። አበባ እርሻው ውስጥ አብሮኝ የሠራ መካኒክ አለ፤ ከሰሜን የመጣ፣ ነገር የማያስጌጥ ሰው። በር ላይ አስጠርቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጥፍሩ ሥር ያለውን ግሪስ በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።

«ሦስት ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «አንደኛ፣ ትራክተሩ ከኋላው ዘንግ ላይ የሚያወጣው ጉልበት ስንት ነው? ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ማለቴ አይደለም፤ ያ ሲያረጅም ይቀንሳል፣ ኋላ እስኪደርስም ይቀንሳል።»

«አላውቅም።»

«ሁለተኛ፣ አንደኛ ማርሹ ምን ያህል ቀስ ይላል? ሮታቬተር የሚፈልገው ከሰው እርምጃ ያነሰ ነው። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ያን ያህል ቀስ አይሉም።»

«አላውቅም።»

«ሦስተኛ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ጎማውና የኋላው ዘንግ ይላቀቃሉ ወይስ እንደተያያዙ ይቀራሉ? ከቀሩ፣ የሚሽከረከረው ብረት ራሱ ጎማውን ይገፋል። አባትሽን ሊገድላቸው ነበር እኮ።»

«አማቼ ናቸው» አልኩ።

«ሦስቱንም ሳትጠይቂ ነው የገዛሽው?»

ሰባት ዓመት ስሠራ ያንን ማሽን በየቀኑ አይቼዋለሁ። ከፊቱ ምን ዓይነት ትራክተር እንደታሰረ አንድ ቀን አላየሁም። ዓይኔ አፈሩ ላይ ነበር። ይህንን ለራሴ ስነግር ንዴቴ ከሻጩም፣ ከቶርኖ ቤቱም፣ ከመብራቱም ተነስቶ እኔው ላይ መጣ። እዚያ መቆየቱን ግን አልወደደውም፤ ሱሉልታ ስደርስ አባባ ላይ አረፈ።

በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላም ሳልል ጀመርኩ።

«አባባ፣ ይሄ ትራክተር ሁለት ሜትር ሮታቬተር እንደማይችል ያውቁ ነበር?»

«ኤዬ» አሉ። አዎ ማለታቸው ነው።

«አንደኛ ማርሹ እንደሚፈጥንስ?»

«አውቃለሁ። አርባ ዓመት ነድቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ያን ሁሉ ቀን ስመላለስ፣ ያን ሁሉ ብረት ስሸከም እያዩኝ!»

«ስፋቱን ጠየቅሁሽ» አሉ። «ሰፊ ነው ብለሽ ጮህሽ። ደስ ብሎሽ ነበር።»

«ደስ ቢለኝስ! አይሆንም ማለት ነበረብዎት!»

ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ትራክተሩ ወዳለበት ፊታቸውን አዞሩ። በማላውቀው ድምፅ ተናገሩ።

«እዚህ አካባቢ ሰው ትራክተር ሲፈልግ የሚመጣው ወደኔ ነበር። አሁን አዳዲሶቹ አሉ፤ ወደነሱ ነው የሚሄደው። አንቺ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ማሽን ካለበት እርሻ መጥተሽ የኔን መረጥሽ። ‹የኔ አይችልም› ልልሽ ነበር፤ አፌ ላይ ከበደኝ። ምናልባት ይችል ይሆናል አልኩ። ሮታቬተር ጎትቼበት አላውቅም፤ አንዳንዴ ያስገርመኛል እኮ።»

አጠገባቸው ቆምኩ። «እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አልኩ፤ ይህንን ለመናገር ሰበታ ከመጮህ የበለጠ ጉልበት ፈጀብኝ።

ረቡዕ ሰማያዊውን አስጭነን ሰበታ አብረን ሄድን። አባባ ለሠርግ የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው፣ ሜትራቸውን በኪሳቸው ይዘው። ሻጩ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ» አለ፤ ለእኔ አንድ ቀን ያላለውን። እሳቸው ሰላምታውን በቅጡ መልሰው ግቢውን በሙሉ ዞሩ፤ ከጥግ፣ ከተጎታቾች ሥር፣ አንድ ጠባብ ሮታቬተር አገኙ። ቀለሙ የተላጠ፣ ሁለት ቢላ የጎደለው። ስፋቱን ለኩ፤ ፒኑን ለኩ፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ይሄ» አሉ።

አስቀያሚ ነበር። ከሰማያዊው ጋር ስናለዋውጠው የከሰርነው እኛ ነን፤ ሻጩ አልተከራከረም፣ አባባም ብዙ አልተከራከሩም። የሚሽከረከረው ብረት ጎማውን እንዳይገፋ ዘንጉ ላይ የሚገባውንና ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዘውን ዕቃ ቡራዩ ሁለት ቀን ፈልገን አገኘን። ፈላጊዋ እኔ ነበርኩ፤ ልገዛ ስል ግን በስልክ ለአባባ እያስረዳሁ፣ እሳቸው «ስንት ጥርስ ነው? ቁጠሪ» እያሉኝ፣ እኔ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ።

የመጀመሪያውን ቀይ መሬት ስንፈጭ ሰኔ ገብቶ ነበር። አንደኛ ማርሹ እንደሆነ አሁንም ይፈጥናል፤ እሱን የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት የለም። አባባ መላ አበጁለት። መጀመሪያ በማረሻ ገለበጡ፤ ከዚያ ሮታቬተሩን ጥልቀቱን አሳንሰው አንዴ አለፉ፤ በሁለተኛው ዙር ዝቅ አደረጉት። በአንድ ጊዜ ያልቃል ብዬ የቃዠሁት ሥራ ሦስት ጊዜ መመላለስ ሆነ። ነዳጁ፣ ጊዜው፣ የአባባ ወገብ፤ ሁሉም ሦስት እጥፍ። ግን ፍሪሲዮን ሲረገጥ ትራክተሩ ይቆማል። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ዘገንኩ። ዱቄት አልነበረም፤ ቅንጬ ይመስላል። ይሆናል።

መሬቱ ገና ከግማሽ ሳያልፍ ዝናቡ ወረደ። እንደ ሱሉልታ ዝናብ ነው የወረደው፤ አንዴ ከጀመረ መሬቱን መልሶ አይሰጥም። በማግስቱ ልንቀጥል ሞከርን፤ ቢላዎቹ ጭቃ ጠመጠሙና ተዉት። አባባ ትራክተሩን ወደ መጠለያው መለሱት። የቀረውን ግማሽ መሬት ሣር በላው፤ በጥቅምት አጭደን ለከብት ሸጥነው።

የተዘጋጀውን ግማሽ ዘራሁ። እህል እንደሚያርም ሰው ሳይሆን ዕዳ እንዳለበት ሰው እየተንበረከክሁ አረምኩት። ሲደርስ የነቀልናቸው ካሮቶች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። በተዳፋቱ ጫፍ፣ በመጀመሪያው ቀን ሮታቬተሩ የነጠረበት በኩል ያሉት ግን ተጣመሙ፣ እግር አወጡ። ነጋዴዋ ለየቻቸው፤ ቀጥ ያሉትን በአንድ ጆንያ፣ የተጣመሙትን ወደ ጎን። ወደ ጎን የወጣው ክምር ከጠበቅሁት በለጠ፤ ሳየው ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

አባባ ከተጣመሙት አንዱን አንስተው ካፖርታቸው ላይ ጠረጉትና ገመጡት።

«ይጣፍጣል» አሉ።

«ነጋዴ አይገዛውም እኮ አባባ።»

«ላኪ» አሉ በኦሮምኛ፣ አይ ማለታቸው ነው። «እኔ ልሸጠው አልኩ እንዴ?» ብለው ሁለተኛውን አነሱ።

እኔም አንድ አነሳሁ። ገመጥኩት፤ አፈሩ ጥርሴ ሥር ተቆረጠመ።